«አሳዳጊ የበደለው» የምንለው ልጅ

 

ንግግሬን በስድብ ልጀምር ነውና ይቅርታ አድርጉልኝ። «አሳዳጊ የበደለው» የሚል ስድብ አለን። ይህ ስድብ ልጁን ሰድቦ እናቱን ይመታል። ሕፃኑ ገና አልገባውም፤ ቃሉ የሚያርፈው ነጠላዋን አጣፍታ ከኋላ በቆመችው ሴት ላይ ነው። ገበያ ውስጥ የሚሮጥ ልጅ ማንንም ስለማያስገርም ስድቡን እዚያ ብዙ አንሰማውም። የምንሰማው ጸጥታ በሚፈለግበት ቦታ ነው፤ በለቅሶ ቤት፣ በሽማግሌ ፊት፣ ከሁሉም ይልቅ ግን በቅዳሴ ሰዓት።

እኔም ብያለሁ። በአፌ አላወጣሁትም፤ በሥራዬ ግን ብያለሁ። ወጣት ሳለሁ በአንድ ሰንበት ትምህርት ቤት የሕፃናት ክፍል አስተምር ነበር። ሰባት ዓመት የሚሆነው አንድ ልጅ ነበረን። ከበሮ ሲመታ ሁለት ጆሮውን ይዞ አግዳሚ ወንበሩ ሥር ይገባል። መዝሙሩ ሲያልቅ ይወጣና መስኮቱ ጋ ሄዶ የመጋረጃውን ጫፍ በጣቱ ሲጠመዝዝ ይቆያል። ስሙን ስጠራው አይዞርም። አንድ እሑድ እጁን ይዤ ወደ ልጆቹ ልጎትተው ስል ነከሰኝ። እናቱ ልትወስደው ስትመጣ የተነከስኩበትን አሳየኋትና «ሥርዓት ሲይዝ ታመጪዋለሽ» አልኳት። «እሺ እኅቴ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ አላየኋቸውም።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት የተማርኩት ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ መምህራችን ስለ ኦቲዝም ሲያስረዱ ያ የመጋረጃ ጫፍ ትዝ አለኝ። የቀረውን ትምህርት አልሰማሁትም።

ዛሬ የምናገረው ስለማይታይ ጉዳት ነው፤ ምን ማለቴ እንደሆነ ቶሎ ብዬ ልንገራችሁ። ዊልቼር የለውም፣ ምርኩዝ የለውም፣ ከፊት ላይ አይነበብም። ኦቲዝም አለ። አሳብ አልሰበሰብ፣ አካል አልቀመጥ የሚልበት ኤዲኤችዲ አለ። ፊደልን ከድምፁ ማዛመድ እየቸገረ ንባብ የሚከብድበት ዲስሌክሲያ አለ። የሚጥል በሽታ አለ፤ ልጁን ካልጣለው በቀር ማንም አያውቅም። በልጅነት የሚጀምር የስኳር ሕመም አለ። ጆሮው በከፊል ብቻ የሚሰማ ልጅም አለ። በአማርኛችን «ይህ ልጅ አይሰማም» ማለት አይታዘዝም ማለት ነው። ስንቱን በእውነት የማይሰማ ልጅ በዚህ ቃል ገርፈነው ይሆን!

የዓለም ጤና ድርጅት ግምት በ2021 እ.ኤ.አ. በዓለም ላይ ከ127 ሰው አንዱ ኦቲዝም እንዳለበት ያሳያል። ሰንበት ትምህርት ቤታችሁ 300 ልጆች ካሉት፣ በዚህ ሒሳብ ሁለት ወይም ሦስት መሆናቸው ነው፤ ሌሎቹን ሳንቆጥር። «እኛ ጋ እንዲህ ያለ ልጅ የለም» የሚለኝ አስተማሪ ሲያጋጥመኝ ሁለት ነገር እጠረጥራለሁ። ወይ ልጁ አለ፣ ስሙ ግን «ረባሽ» ነው፤ ወይ ቤት ቀርቷል።

ቤት መቅረቱን የለካ ሰው አለ። አንድሩ ዋይትሄድ የተባለ አሜሪካዊ የሶሲዮሎጂ ተመራማሪ በ2018 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ በአገሩ ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ወደ አምልኮ ቦታ ጭራሽ ያለመሄድ ዕድላቸው የጤና እክል ከሌለባቸው ልጆች በእጥፍ የሚጠጋ ሆኖ አግኝቶታል። የማየት ወይም የመስማት ችግር ባለባቸው ልጆች ላይ ግን ይህን ያህል ልዩነት አልታየም። ለምን ቢባል፣ መልሱን የእኛም ደጅ ያውቀዋል። ዓይነ ስውሩን ተማሪ የአብነት ትምህርት ቤቶቻችን ከጥንት ጀምሮ ተቀብለው ለመምህርነት አብቅተውታል። መራመድ ለማይችለው መንገድ እንለቃለን። ያየነውን ጉዳት እናከብራለን። ያላየነው ጊዜ ግን ምክንያት እንፈልጋለን፤ የምናገኘው ምክንያት ደግሞ አንድም ኃጢአት ነው፣ አንድም ጋኔን፣ አንድም አሳዳጊ።

ይህን ከራሴ አላወጣሁትም። በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ፤ አዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት ክሊኒኮች የእድገት እክል ያለባቸውን ልጆች የሚያሳድጉ 102 ሰዎችን የጠየቀ ነው። ከመቶ 40ዎቹ የልጁ ችግር ከርኩስ መንፈስ ነው ብለዋል። ከመቶ 27 የሚበልጡት ከኃጢአት ነው አሉ። ከመቶ 45ቱ በልጃቸው ሁኔታ እንደሚያፍሩ፣ ከአራቱ አንድ የሚሆኑት ደግሞ ከሰው ለመደበቅ እንደሚጥሩ ተናገሩ። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት መጽናኛቸው ጸሎት ነው። አሁን የምነግራችሁ ግን ሲነበብ ከሁሉም ይበልጥ የከበደኝ ነው፤ የኦርቶዶክስ እምነት ተከታይ የሆኑት አሳዳጊዎች ከሌሎቹ ይልቅ መገለል እንደሚሰማቸው ገልጸዋል። መገለሉ የበዛባቸው የእኛው ምእመናን ናቸው ማለት ነው። ይህን ቁጥር በሌላ መንገድ ልተረጉመው ሞክሬ ነበር፤ አልተሳካልኝም።

እስቲ ወደ አንድ ካህን እንሂድ። በመጽሐፈ ሳሙኤል መጀመሪያ ላይ ያለውን ታሪክ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ሐና ልጅ አጥታ፣ በጣውንቷ ተሰድባ፣ በመቅደሱ ቆማ ትጸልያለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለም። ካህኑ ኤሊ ከበሩ መቃን አጠገብ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ አያትና ሰክራለች ብሎ ገሠጻት። ኤሊ ክፉ ሰው አልነበረም። ዓይኑም አልሳተም፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ በእርግጥ አይቷል። የሳተው ትርጉሙን ነው። የሚያውቀው የጸሎት መልክ አንድ ብቻ ስለ ነበር ሌላው መልክ ስካር መሰለው። ሐና ስታስረዳው ግን አልተከራከራትም፤ በሰላም ሂጂ ብሎ መረቃት። በኋላም ያን በጸሎት የተገኘ ልጅ በገዛ እጁ አሳደገው። እኔ ያችን እናት ያሰናበትኳት ልክ እንደ ኤሊ አይቼ ነው፤ እንደ ኤሊ ግን አልሰማሁም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ልጅ ሲያምን ምን ሲያደርግ ነው? ብዙዎቻችን ይህን ስንጠየቅ የምንመልሰው አንድ ዓይነት ነው። ጸጥ ብሎ ይቀመጣል፣ «አቡነ ዘበሰማያት» በቃሉ ይወጣል፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ይመልሳል። ነገር ግን የራሳችን ሥርዓት እንዲህ አይልም።

ወንድ ልጅ በ40 ቀኑ ይጠመቃል፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ትጠመቃለች። በዚያ ጠዋት የሆነውን አስታውሱ። ሕፃኑ ሃይማኖቱን አልተጠየቀም። ክርስትና አባቱ ወይም ክርስትና እናቱ ወደ ምዕራብ ዞረው ስለ እርሱ ሰይጣንን ካዱ፤ ወደ ምሥራቅ ዞረው ስለ እርሱ አመኑ። ከዚያ ውኃው መጣ፣ ከዚያ ሜሮኑ በግንባሩ፣ በዓይኑ፣ በጆሮው፣ በእጅ በእግሩ ታተመ፣ ማተቡ በአንገቱ ታሰረ፣ በዚያው ዕለት ሥጋ ወደሙን ተቀበለ። ይህ ሁሉ ሲሆን «ገብቶታል ወይ?» ያለ አንድ ሰው አልነበረም። ሕፃኑ አለቀሰ፤ ምናልባት የካህኑን ልብስ አረጠበ። «ሥርዓት ሲይዝ አምጡት» ያለ የለም። እልል ተባለ እንጂ።

እንግዲህ ቤተ ክርስቲያን ሃይማኖትን በአካል በኩል፣ በሌላ ሰው አንደበት፣ ቋንቋ ሳይመጣ በፊት ትሰጣለች። ልጁ አምስትና ስድስት ዓመት ላይ ሲደርስ ግን ሕጉን እንለውጠዋለን። ከዚያ ወዲያ መለኪያው አፍና መቀመጫ ይሆናል። የማይታይ ጉዳት ያለበት ልጅ የሚወድቀው እዚህ ለውጥ ላይ ነው። እኔ የምጠይቃችሁ ለእነዚህ ልጆች አዲስ ነገር እንድትፈጥሩ አይደለም፤ ልጁን በ40 ቀኑ የተቀበላችሁበትን ሕግ አትንጠቁት ነው የምለው።

ለማይናገር ልጅ የሚናገር ሰው ቢያስፈልግ፣ ክርስትና አባት የሚባለው ሰው ለምን ኖረ? ሙሴ አንደበቱ እንደማይፈታለት ሲያመካኝ እግዚአብሔር ወንድሙን አሮንን አፍ እንዲሆነው ሰጠው። የእኛ ክርስትና እናት ግን ብዙ ጊዜ ለጥምቀቱ ልብስ ገዝታ፣ ለልደቱ ኬክ ቆርሳ ትጠፋለች። አንዲት ክርስትና እናት በወር አንድ እሑድ ልጁን ይዛ በቅጽሩ ውስጥ ብትዞርለት፣ እናቱ ያን ቅዳሴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ታስቀድሳለች። ከአንዲት እናት እንደሰማሁት ልጇ ከተወለደ ጀምሮ የቅዳሴውን መጨረሻ ሰምታ አታውቅም።

ስለ ድምፅም ላንሳ። «ከበሮውን እናቁም ወይ?» የሚለኝ አለ። ማን አለ! ከበሮና ጸናጽል ከመቶ ዓመታት በፊትም ነበሩ። ያን ጊዜ ግን ድምፁ የከበደው ልጅ ሃያ እርምጃ ራቅ ቢል ይቀልለው ነበር። ዛሬ የድምፅ ማጉያው አፍ በአራቱም ማዕዘን ተሰቅሏል፤ ልጁ ወዴትም ቢሸሽ ጩኸቱ ቀድሞት ይደርሳል። ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጆሮ ብዙ ጊዜ ድምፅን እንደ እኛ አጥልሎ አይቀበልም፤ ለእኛ መዝሙር የሆነው ለእርሱ ሕመም ሊሆን ይችላል። በአዳራሻችን የወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት አገልጋዮችም አሉ፤ በሕፃናት ጥምቀት ከብዙዎቻቸው ጋር ባንስማማም በድምፅ ማጉያ ግን ሁላችንም አንድ ሃይማኖት ነን። አንድ እሑድ ቅዳሴ እየተቀደሰ የቤተ ክርስቲያናችሁን ግቢ ዙሩና ድምፁ ከሁሉ የሚቀንስበትን ጥግ ፈልጉ። እዚያ አንድ አግዳሚ ወንበር አስቀምጡ። ወጪው ይኸው ነው።

«ልጁን ከውጭ ማስቀመጥ ማባረር አይሆንም?» ትሉኝ ይሆናል። በእኛ ዘንድ አይሆንም። ከዛፍ ሥር፣ ከቅጽሩ ጥግ ቆሞ ማስቀደስ ከጥንት የነበረ ነው፤ ከመቅደሱ ርቆ የቆመውን ሁሉ አላስቀደሰም ያለው የለም። ማባረር የሚሆነው ቦታው በግልምጫ ሲሰጥ ነው። ወንበሩ ቀድሞ ተዘጋጅቶ፣ አጠገቡም የሚቀመጥ ሰው ካለ ልጁ በቤቱ ነው።

በነገራችን ላይ፣ ለድካም መደገፊያ ማዘጋጀትን የተማርነው ከውጭ አይደለም። መቋሚያውን ተመልከቱ። ሊቃውንቱ ሌሊቱን ሙሉ ቆመው ሲያድሩ አካል እንደሚደክም አባቶች ስላወቁ በትር ሰጧቸው። መቋሚያ የተደገፈውን መሪጌታ «እምነቱ ቢጠና ኖሮ ያለ በትር ይቆም ነበር» የሚል ሰው እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። ጆሮ የሚሸፍን መሣሪያ ያደረገ ልጅ ሲመጣ ግን «ቤተ መቅደስ ውስጥ ይህ ምንድን ነው?» እንላለን። የልጁም መቋሚያ እርሱ ነው። በእጁ የሚያሻሸው መቁጠሪያ፣ ጭምቅ አድርጎ የሚጠቀለልበት ጋቢም እንዲሁ። አንዳንዶቹ ልጆች ጠበቅ ብሎ የሚይዛቸው ልብስ ሲያገኙ ይረጋጋሉ፤ ጋቢ ደግሞ በየቤቱ አለ።

ሥዕሉስ? ቋንቋ የሚከብደው ልጅ ቀጥሎ የሚሆነውን በሥዕል ቢያይ ፍርሃቱ ይቀንሳል። በልዩ ፍላጎት ትምህርት ይህ በሰፊው የሚሠራበት ዘዴ ነው፤ ጫማ ማውለቅ፣ መሳለም፣ መቆም፣ መስገድ፣ ጠበል መጠጣት፣ ወደ ቤት መሄድ፣ እያንዳንዱ በአንዲት ትንሽ ሥዕል። ይህን ስማር ዘጌ ላይ ያለችው ዑራ ኪዳነ ምሕረት ታወሰችኝ። የመቅደሷ ግድግዳ ዙሪያውን በሥዕል የተሞላ ነው፤ ማንበብ የማይችል ሰው እየዞረ ታሪኩን እንዲያነበው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብቶ ቀና ያለ ሰውም የመላእክቱን ፊት ያያል። እኛ የሰንበት ትምህርት ቤቱን ግድግዳ ነጭ ቀብተን፣ ልጆቹን በጥቁር ሰሌዳ ፊት ደርድረን፣ «ለምን አይሰሙም?» እንላለን።

ወደ ትምህርቱ ልግባ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይበት። የአብነት ትምህርት ቤት አንድ ጸጋ አለው። (አለንጋውንም አልረሳሁትም፤ ጸጋው ሌላ ነው።) እዚያ ሁሉም ልጅ በአንድ ቀን አንድ ገጽ አይማርም። አንዱ ፊደል ላይ ነው፣ አንዱ አቡጊዳ፣ አንዱ መልእክተ ዮሐንስ፣ አንዱ ዳዊት። ያጠናውን ለበላዩ ልጅ ወይም ለመምህሩ ያሰማል፤ ሲሆንለት ያልፋል፣ ሳይሆንለት ነገ ይደግማል። «ከክፍልህ ወደኋላ ቀረህ» የሚባል ነገር የለም፤ ክፍል የለማ! የዘመኑ የሰንበት ትምህርት ቤት ግን በዕድሜ ከፋፍሎ ሁሉንም በአንድ ሰዓት አንድ ጥቅስ ያስጠናል። ለልዩ ፍላጎት መምህር «ለእያንዳንዱ ልጅ በራሱ እርምጃ» የሚባለው ትልቅ መርሕ ከጥንት በገዛ ደጃችን የነበረ ነው።

ትምህርቱ በቃል መሆኑም ቀላል ነገር አይደለም። በ1896 እ.ኤ.አ. ፕሪንግል ሞርጋን የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ስለ አንድ የ14 ዓመት ልጅ ጽፎ ነበር። ልጁ ብልህ ነው፣ ዓይኑ ጤነኛ ነው፣ ማንበብ ግን አልቻለም። መምህሩ ትምህርቱ ሁሉ በቃል ቢሆን ኖሮ ከትምህርት ቤቱ አንደኛ በሆነ ነበር ብሎ መስክሮለታል። ዛሬ ዲስሌክሲያ የምንለው ነው። ያን ልጅ ከአንድ የዜማ መምህር ጉባኤ ባስቀምጠው ብዬ አስባለሁ፤ ዳዊት ላይ ይቸገር ነበር፣ ያ በር ጠባብ ነው፤ በቃል በሚሰጠው ግን ስንት ርቆ ይሄድ ነበር! እንግዲህ በሰንበት ትምህርት ቤታችሁ «ተራህ ነው፣ ተነሥና አንብብ» ከማለታችሁ በፊት ልጁ ማንበብ የሚያሸማቅቀው መሆኑን እናቱን ጠይቁ። ጥቅሱን በዜማ ስጡት። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ፊደል ስቶ የተሳቀበት ልጅ ሳምንት «ሆዴን አሞኛል» ይላል።

ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ደግሞ ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይዘው አይለቁም፤ ባቡር ይሆናል፣ የመኪና ታርጋ ይሆናል፣ የቀን መቁጠሪያ ይሆናል። ለወላጅ አሰልቺ ነው። ለእኛ ቤተ ክርስቲያን ግን የቀን መቁጠሪያ የሚወድ ልጅ ምን ያህል ሲሳይ እንደሆነ አስቡት! በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ23 ጊዮርጊስ፣ በ27 መድኃኔ ዓለም። ባሕረ ሐሳብ የሚባል ሙሉ ትምህርት አለን፤ 19 ዓመቱ ንዑስ ቀመር፣ 76ቱ ማዕከላዊ ቀመር፣ 532ቱ ዐቢይ ቀመር። ታሪክ ተርክ ቢሉት ዝም የሚል፣ «ፋሲካ ስንት ቀን ይውላል?» ሲሉት ፊቱ የሚበራ ልጅ አውቃለሁ። ለእርሱ የሃይማኖት በር ስብከት አልነበረም፤ ቁጥር ነበር። ሌላው ልጅ በሚዳሰስ ነገር ይገባል፤ ለሆሳዕና የዘንባባ ቀለበት ሲሠራ ይውላል። ሌላው በውኃ ነው፤ ጳጉሜን 3 ቀን፣ በሩፋኤል ዝናብ ከልጆች ሁሉ ጋር ሲዘል ማን «ይህ ልጅ ይለያል» ይላል?

አሁን ወደሚያስፈራኝ ክፍል ደረስኩ፤ ስለ ጠበል ነው። በጠበል አምናለሁ፤ እዚህ የቆምኩት ልከራከረው አይደለም። የማነሣው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ጩኸት ነው። ቆዳው ሲነካ በጣም የሚሰማው ልጅ ቀዝቃዛ ውኃ ሲያርፍበት ይጮኻል፣ ይንፈራገጣል። መስቀል ፊቱ ላይ ሲደርስ አንገቱን ይመልሳል፤ ፊቱን እናቱም እንድትነካው አይፈልግም። ይህን የሚያይ ሰው «አየህ፣ ያለበት ጮኸ» ይላል። እባካችሁ፣ በጥር ማለዳ ያን ውኃ ያልጮኸበት ከመካከላችን ማን ነው? ልጁ ይያዛል፣ ይታሰራል፣ ይበልጥ ይጮኻል፤ ጩኸቱ ለማስረጃ ይቆጠራል። ከዚያ ወዲያ የቤተ ክርስቲያኑን ጉልላት ከሩቅ ሲያይ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፤ ያም ሌላ ማስረጃ ይሆናል። ሃይማኖት ሊሰጡት ወስደው ፍርሃት ይዞ ይመለሳል። በትንሽ በትንሹ ከእጁ ጀምሮ፣ በራሱ እጅ እንዲቀባ፣ ለብ ባለ ሰዓት ማድረግ ጠበሉን ከጠበልነት አያወጣውም።

ሁለተኛው መድኃኒት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበትን ልጅ «ጠበል ሲጀምር ክኒኑን ያቁም» የሚሉ አሉ። መድኃኒቱን በድንገት ማቋረጥ ሰውነት ሳያርፍ ተከታትሎ የሚጥልበትን አደጋ ያመጣል፤ ልጅ ሊሞትበት ይችላል። በኤች አይ ቪ ዘመን ይኸው ክርክር ነበር። የወቅቱ ፓትርያርክ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ2007 እ.ኤ.አ. ጠበልና መድኃኒት አብረው እንደሚሄዱ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ እንደሆኑ በይፋ አስተማሩ። ያ ትምህርት ለትልቅ ሰው ከሠራ ለሕፃን የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም። የንስሐ አባቶች ሆይ፣ እናቲቱ የምትሰማው ከሐኪሙ ይልቅ እናንተን ነው። «ክኒኑን በሰዓቱ ስጪው፣ ጠበሉንም አጠጪው» የሚለው ቃል ከእናንተ አፍ ሲወጣ ክብደቱ ሌላ ነው።

ጾሙንም ከዚሁ ጋር እዩት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ኦቲዝም ያለበት ልጅ አንዳንዴ የሚበላው ሦስት ዓይነት ምግብ ብቻ ይሆናል፤ ከሦስቱ ሁለቱ ወተትና እንቁላል ከሆኑ እናቱ ምን ታድርግ? ኢንሱሊን የሚወስድ ልጅ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆይም። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን በጾም አታስገድድም፤ ነገር ግን ሕመሙ ስለማይታይ እናቲቱ በየጎረቤቱ መልስ ስትሰጥ ትኖራለች። ልጁም የጾሙ ተካፋይ መሆን ከፈለገ ሌላ ነገር ይተው፤ ቴሌቪዥኑን ይሁን፣ ከረሜላውን። ስለ ቁርባንም አንድ ቃል። በአፉ እንግዳ ነገር የማያስገባ ልጅ በእርፈ መስቀል ፊት ቢያፈገፍግ ንቀት አይደለም። እናቱ ለካህኑ አስቀድማ ትንገር፤ ቤት ውስጥ በማንኪያ ውኃ ጥቂት ቀን ታለማምደው፤ ሰልፉ ሳይረዝም ፊት ይቅረብ። ካህናቱ ይህን ካወቁ ሥራው የአንድ ደቂቃ ነው።

ቅዱስ ያሬድን ሳላነሣ ብወርድ ትቀየሙኛላችሁ። ትምህርት አልገባ ብሎት፣ አጎቱ ጌዴዎን ገርፎት ሸሸ፤ ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ስትወድቅ ስትነሣ በመጨረሻ የወጣችውን ትል አየ። እኛ ይህን ታሪክ ለልጆች የምንነግረው «በርታ፣ አትስነፍ» ለማለት ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን በዚህ መልኩ ሲነገር አልወደውም። በርትተዋልና። በሰው ፊት ተቀምጠው ለመዋል ብቻ የሚያወጡትን ጉልበት እኛ በስግደትም አናወጣውም። እኔን የሚይዘኝ የታሪኩ ሌላ ክፍል ነው፤ አለንጋው ያላስተማረውን ዝም ብሎ ማየት አስተማረው። ደግሞም ሁሉ ልጅ ያሬድ አይሆንም። «ግድ የለሽም፣ የተደበቀ ጸጋ አለው» እያልን እናቶችን ከምናጽናና፣ ምንም ልዩ ጸጋ ባይገኝበትስ ቦታው ይጠበቅለታል ወይ የሚለውን እንጠይቅ።

አገራችን በዚህ ነገር ገና ጀማሪ ናት። ዘሚ የኑስ በ2002 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ የጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ የራሳቸው ልጅ የሚማርበት ቦታ አጥተው ነበር። ነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም ከእርሳቸው በኋላ መጣ። የሁለቱም መነሻ የወላጅ ጭንቀት ነው። በውጭ አገር ያሉት ወገኖቻችን ደግሞ ሌላ ፈተና አለባቸው። ዋሽንግተን አካባቢ ያለ ልጅ ከሰኞ እስከ ዓርብ ትምህርት ቤቱ ረዳት መድቦለት ይውላል። እሑድ ሲመጣ ግን በእናቱ ቋንቋ በሚጸለይበት ብቸኛ ቦታ ማንም ስለ ሁኔታው አያውቅም፤ ወላጆቹ ወሬው በማኅበረሰቡ እንዳይዛመት ብለው ደብቀዋል። ለፈረንጅ መምህር የተነገረው ለንስሐ አባት ሳይነገር ይቀራል።

«ምን እናድርግ?» ለምትሉ የሰንበት ትምህርት ቤት ኃላፊዎች ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ የምታደርጉትን አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። የልጆች መዝገባችሁን አውጡና ባለፉት ሁለት ዓመታት መምጣት ያቆሙትን ስም ጻፉ። ከዚያ ስልክ ደውሉ። «ለምን ቀረ?» አትበሉ፤ እናቲቱ ያን ድምፅ ታውቀዋለች። «ልጅሽ ምን ይወዳል? ምንስ ይከብደዋል?» በሏት። ዝም ካለች ጠብቁ። እኔ ያን ስልክ ለመደወል ቁጥሩን ፈልጌ አጥቼዋለሁ፤ በመዝገባችን ላይ በስሙ ትይዩ የሠፈረው በእጄ የጻፍኩት «ለቅቋል» የሚል ቃል ብቻ ነበር።

እንግዲህ ሰዓቴን ጨርሻለሁ። ከኋላ፣ ከበሩ አጠገብ፣ እጃቸውን ካነሡ የቆዩ እናት አሉ። ድምፅ ማጉያው አያስፈልግም፤ እኛ ዝም እንላለን። ይበሉ እናቴ፣ ይጠይቁ።